ክለቡ የማን ነው? ባለሀብት ሲወስን ደጋፊ ለምን ይቆጣል

ቅዳሜ ከሰዓት ሀዋሳ ውስጥ የትኛውም ሰፈር ብትሄዱ፣ ፒያሳም ይሁን ቡሹሎ፣ የአርሰናል፣ የማንቸስተር ዩናይትድ፣ የቼልሲ ወይም የሊቨርፑል ማሊያ የለበሰ ልጅ አታጡም። ዲኤስቲቪ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ክርክሩ ስለ ጎልና ስለ ኦፍሳይድ ብቻ አይደለም። አንዱ «ይሄ ባለቤት ክለቡን ገደለው!» ይላል። ሌላው ወዲያው «ታዲያ ገንዘቡን ያወጣው እሱ አይደል? የራሱን ክለብ እንደፈለገ ቢያደርግ አንተን ምን አገባህ?» ብሎ ይመልስለታል።

ሁለቱም ያነሱት ነገር ቁም ነገር ነው። በሕግ ካየነው ክለቡን የገዛው ሰው ባለቤት ነው፤ ውሉ በእጁ ነው። ደጋፊው ግን አንድ ሳንቲም አክሲዮን ሳይኖረው «ክለቤ» ይላል። ባለሀብቱ የማሊያ ቀለም ሲቀይር፣ የትኬት ዋጋ ሲጨምር ወይም ክለቡን ዕዳ ውስጥ ሲከት፣ ደጋፊው የራሱ ቤት እንደተደፈረ ሆኖ ይቆጣል። ለምን? ደግሞስ ቁጣው መቼ ነው የሚሠራው? መቼስ ነው ጩኸት ሆኖ የሚቀረው? እስቲ ሥነ ልቦናና ኢኮኖሚክስ ምን እንደሚሉ እንይ።

«አሸነፍን» እና «ተሸነፉ»

አንድ ቀላል ነገር ልብ በሉ። የምትደግፉት ቡድን ሲያሸንፍ ምን ትላላችሁ? «አሸነፍን!» ሲሸነፍስ? ብዙ ሰው «ዛሬ እኮ ተሸነፉ» ይላል። ግሱ ከ«እኛ» ወደ «እነሱ» ዞረ ማለት ነው።

ይህን ነገር በጥናት ያሳየው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ቻልዲኒ ነው። ውጤቱን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ተመራማሪዎቹ በ7 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሰኞ ሰኞ ተማሪዎች ምን ለብሰው እንደመጡ ቆጠሩ። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ቅዳሜ አሸንፎ ከሆነ፣ ሰኞ የዩኒቨርሲቲውን ስምና ዓርማ የለበሱ ተማሪዎች ይበዛሉ። ተማሪዎቹ ስለ ጨዋታው እንዲናገሩ ሲጠየቁም፣ ድል ከሆነ «እኛ» የሚለው ቃል ይበዛል፤ ሽንፈት ሲሆን ይቀንሳል። ኳሷን አንዳቸውም አልነኩም፤ ክብሩ ግን ይሞቃቸዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ሐሳብ አለ። ሄንሪ ታጅፌል የተባለው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ሊቅ እንዳስተማረው፣ «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ከፊሉ የሚመጣው ከምንገኝበት ቡድን ነው። ሰፈር፣ ትምህርት ቤት፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ክለብም ጭምር። ክለቡ የማንነታችሁ አካል ከሆነ ደግሞ፣ ክለቡን የነካ እናንተን የነካ ያህል ይሰማችኋል።

ለዚህ የዌልሱ ካርዲፍ ሲቲ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክለቡ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰማያዊ ሲለብስ ኖሯል፤ ቅጽል ስሙም «ሰማያዊዎቹ ወፎች» ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ማሌዥያዊው ባለሀብት ቪንሰንት ታን ማሊያውን ቀይ አደረጉት፤ በዓርማው ላይም ወፏ አንሳ ትልቅ ድራጎን ገባ። በእስያ ገበያ ቀይ ይሸጣል የሚል ስሌት ነበር። የሚገርመው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2013፣ ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ሕልሙ ተሳካ ማለት ነው አይደል? ደጋፊው ግን ሰማያዊ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ መቃወሙን አላቆመም። በጥር 2015 ታን ተሸነፉና ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ተመለሰ። ድል እንኳን ቀለሙን ሊያስረሳ አልቻለም።

አሳ ሻጭና ክለብ አንድ አይደሉም

አሁን ወደ ኢኮኖሚክስ እንሂድ። አሞራ ገደል ሄዳችሁ አሳ ገዛችሁ እንበል። አሳው ትኩስ አይደለም። ምን ታደርጋላችሁ? በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጎረቤት ሻጭ ትሄዳላችሁ፤ በቃ። መጨቃጨቅም አያስፈልግም። ደንበኛ ሲቀንስበት ሻጩ ራሱ ይነቃል።

እ.ኤ.አ. በ1970 አልበርት ሂርሽማን የተባለ ኢኮኖሚስት ይህን ነገር የሚተነትን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ድርጅት ሲበላሽ ሰዎች ያላቸው ምርጫ በዋናነት ሁለት ነው ይላል። አንደኛው «መውጣት» ነው፤ ጥሎ ሌላ ጋ መሄድ። ሁለተኛው «ድምፅ» ነው፤ ሳይለቁ መናገር፣ መቃወም፣ እንዲስተካከል መጠየቅ። ከሁለቱ የትኛውን እንደምንመርጥ ደግሞ «ታማኝነት» ይወስናል። ታማኝነት ያለው ሰው በቀላሉ አይወጣም፤ ስለዚህ ይናገራል።

ሂርሽማን ሐሳቡን ያገኘው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ደስ ይላል። በናይጄሪያ የባቡር አገልግሎቱ ደካማ ነበር፤ ለውዝ የሚያጓጉዙ የጭነት መኪናዎችም ይፎካከሩት ነበር። ፉክክር ካለ ባቡሩ መሻሻል ነበረበት። አልተሻሻለም። ምክንያቱም ከሁሉ በላይ የተማረሩት፣ ሊጮኹ የሚችሉት ደንበኞች ቶሎ ወደ መኪና ሄዱ። መንግሥት ባቡሩን ይደጉማል፤ ደንበኛ ቢሄድም ባቡሩ አይዘጋም። የሚጮኽ ሰውም የለም። ስለዚህ ብልሽቱ ቀጠለ።

ይህን ወደ እግር ኳስ አምጡት። የክለብ ደጋፊ «መውጣት» የሚባለው በር ተዘግቶበታል። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ባለቤቱ ስላናደደው ብቻ ተነስቶ የሊቨርፑል ደጋፊ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጓደኞቹ ሳቅ ይቅርና ራሱ ልቡ እሺ አይለውም። አሳ ሻጩ ደንበኛ እንዳይሄድበት ይፈራል፤ የክለብ ባለቤት ግን ደጋፊው እንደማይሄድ ያውቃል። ደጋፊው ላይ ዋጋ መጨመር የሚያጓጓውም፣ ደጋፊው ደጋግሞ የሚጮኸውም በዚሁ አንድ ምክንያት ነው። መውጣት ያልቻለ ሰው የቀረው ድምፁ ብቻ ነው።

ባጃጁና ዕዳው

ደጋፊን ካስቆጡ ውሳኔዎች ሁሉ በጣም የታወቀው የማንቸስተር ዩናይትድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካው የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን ወደ 790 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። ችግሩ ዋጋው አልነበረም፤ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ነው። አብዛኛው ብድር ነበር፤ የብድሩም ትልቁ ክፍል የተጫነው ክለቡ ላይ ነው።

በባጃጅ እንየው። አንድ ሰው ዕዳ የሌለበት፣ በደንብ የሚሠራ ባጃጅ በብድር ገዛ እንበል። ብድሩን የሚከፍለው ግን ከኪሱ አይደለም፤ ባጃጁ በየቀኑ ከሚያስገባው ነው። ነገሩ ሕጋዊ ነው፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ግን ጎማ መቀየሪያና ሰርቪስ ማስደረጊያ ይሆን የነበረው ገንዘብ አሁን ወለድ ይከፍልበታል። ተሳፋሪው ደግሞ ያንኑ መንገድ በጨመረ ታሪፍ ይሄዳል። የዩናይትድ ደጋፊዎች ያሉት ይህንን ነው፦ «ክለባችን የተገዛው በራሱ ገንዘብ ነው።»

ተቃውሞው መልኩን ይቀያይራል። በ2010 ደጋፊዎች ቀዩን ትተው አረንጓዴና ቢጫ ሻርፕ ለበሱ። ይህ ክለቡ በ1878 ሲመሠረት፣ ኒውተን ሂዝ ይባል በነበረ ጊዜ የነበረው ቀለም ነው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ «ክለቡ ከእናንተ በፊትም ነበር።» ከዓመታት በኋላ፣ በግንቦት 2021 መጀመሪያ፣ ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ውስጥ ገብተው ከሊቨርፑል ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ለሌላ ቀን ተላለፈ። በ2024 ሰር ጂም ራትክሊፍ ከክለቡ ከአንድ አራተኛ በላይ ድርሻ ገዙ፤ እንግሊዛዊ ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የክለቡ ደጋፊ እንደሆኑም ይናገራሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ግን ለቀሪዎቹ የሊግ ጨዋታዎች የአባላት ትኬት 66 ፓውንድ ሆነ፤ የሕፃናትና የጡረተኞች ቅናሽ ቀረ። ተቃውሞው እንደገና ተነሣ። ባለቤቱ የሀገሩ ሰው ሆነ የውጭ ሰው፣ ቁጣው ያው ነው ማለት ነው።

ሀብት ራሱ ኃጢአት ነው ማለታችን ግን አይደለም። የሌስተር ሲቲ ባለቤት የነበሩት ታይላንዳዊው ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ እጅግ ሀብታም ነበሩ። በእሳቸው ዘመን፣ በ2016፣ ሌስተር ማንም ያልጠበቀውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ። በጥቅምት 2018 በስታዲየሙ አጠገብ በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞቱ ከተማው በሙሉ አለቀሰ። ደጋፊ የሚጠላው ገንዘብን አይደለም። የሚጠላው ሳይጠየቅ የራሱ ነገር ሲቀየርበት ነው።

ድምፅ መቼ ይሠራል?

ጩኸት ሁሉ ውጤት አያመጣም። ካርዲፍ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ የዩናይትዱ ሃያ ዓመት አልፎታል። አንዳንዱ ግን በቀናት ውስጥ ይሠራል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሦስት ምሳሌ እንውሰድ።

የመጀመሪያው ሊቨርፑል ነው። በየካቲት 2016 ክለቡ አንዳንድ ትኬቶችን 77 ፓውንድ ሊያደርስ መሆኑ ተሰማ። ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ሰዓቱ 77ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ተነስተው ወጡ። ሊቨርፑል 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ስታዲየሙ ሲጎድል ሰንደርላንድ ሁለት ጎል አግብቶ 2 ለ 2 ተለያዩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ጭማሪውን ሰረዙ።

ሁለተኛው የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) 12 ትልልቅ ክለቦች፣ ከእንግሊዝ 6፣ ከስፔን 3፣ ከጣሊያን 3፣ የራሳቸውን ውድድር እንደሚመሠርቱ አስታወቁ። መሥራቾቹ ምንም ቢሸነፉ አይወርዱም። ደጋፊዎች ጎዳና ወጡ፤ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ተናገሩ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ሕግ አወጣለሁ ብሎ አስፈራራ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ።

ሦስተኛው ጀርመን ነው። የጀርመን ሊግ ከወደፊት የቴሌቪዥን መብቱ ገቢ ድርሻ ለባለሀብት ሊሸጥ ሲደራደር፣ ደጋፊዎች ቴኒስ ኳስ ወደ ሜዳ እየወረወሩ ጨዋታ ያቋርጡ ነበር። በየካቲት 2024 ሊጉ ዕቅዱን ተወው።

ሦስቱን የሚያገናኘው ነገር ምንድን ነው? አንደኛ፣ ጥያቄው አንድና ግልጽ ነበር። «77 ፓውንድ አንከፍልም» ማለት «ባለቤቱ ይውረድ» ከማለት ይቀላል፤ ባለቤቱም ክብሩን ሳይጥል እሺ ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ ተቃውሞው ወጪ ነበረው። ባዶ ወንበርና የተቋረጠ ጨዋታ በቴሌቪዥን ይታያል፤ የሚታየውን ደግሞ ስፖንሰር ይፈራል። ሦስተኛ፣ በሱፐር ሊጉ እንዳየነው፣ በሌላ ጊዜ የሚሰዳደቡ ደጋፊዎች በአንድ ቋንቋ ተናገሩ። የግሌዘሮች ጉዳይ የከበደው ጥያቄው «ሽጡና ሂዱ» ስለሆነ ነው። ያንን የሚያስገድድ ሕግ የለም።

የራሳቸውን ክለብ የሠሩ

ሂርሽማን ያላሰበው የሚመስል ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ወጥቶ እንደገና መሥራት። የለንደኑ ዊምብልደን ባለቤቶች ክለቡን ወደ ሚልተን ኪንስ ለመውሰድ በ2002 ፈቃድ አገኙ። ርቀቱ በመንገድ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው። ሀዋሳ ከተማ ከነገ ጀምሮ ሜዳው ዲላ ነው፣ ስሙም ይቀየራል እንደማለት ነው! ደጋፊዎቹ በዚያው ክረምት በሰፈራቸው ሜዳ ላይ ተጫዋች መርጠው ኤኤፍሲ ዊምብልደን የሚባል ክለብ መሠረቱ። ከታችኛው እርከን ተነሥተው በ2011 ወደ አራቱ ከፍተኛ ሊጎች ገቡ፤ በ2020 ደግሞ በቀድሞ ሰፈራቸው አዲስ ስታዲየም ከፈቱ። የዩናይትድ ቅሬተኞችም በ2005 ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል ክለብ መሥርተዋል። እዚያ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው።

ጀርመኖች ይህን ድምፅ ሕግ አድርገውታል። ከ1998 ጀምሮ «50+1» በሚባለው ደንብ መሠረት ባለሀብት ገንዘብ ማስገባት ይችላል፤ ከጠቅላላው ድምፅ ግን ከግማሽ የሚበልጠው በአባላቱ ማኅበር እጅ መቆየት አለበት። ፍጹም ነው? አይደለም። ሌቨርኩሰንና ቮልፍስቡርግ በልዩ ሁኔታ በድርጅቶቻቸው እጅ ናቸው፤ የላይፕሲጉ ክለብም ድምፅ ያላቸውን አባላት በጣም ጥቂት አድርጎ ደንቡን ተሻግሮታል ተብሎ ይተቻል።

የአባላት ባለቤትነትም በራሱ መድኃኒት አይደለም። ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና የአባሎቻቸው ንብረት ናቸው፤ ሆኖም ሁለቱም ሱፐር ሊጉን ከመሠረቱት ውስጥ ነበሩ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ በ2020 ከ20 ሺህ በላይ የባርሴሎና አባላት ፕሬዚዳንቱ በድምፅ እንዲነሡ ፈረሙ፤ ጆሴፕ ማሪያ ባርቶሜው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በጥቅምት ወር ሥልጣን ለቀቁ። የዩናይትድ ደጋፊ ሃያ ዓመት ጮኾ ያላገኘውን የባርሴሎና አባል በፊርማ አገኘው። እንግሊዝም ከዚህ ተምራ በሐምሌ 2025 የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ አጽድቃ ነፃ ተቆጣጣሪ አቋቁማለች። ከእንግዲህ ባለቤት ዓርማና የዋና ማሊያ ቀለም በመሠረቱ መቀየር ቢፈልግ ደጋፊውን ማስፈቀድ አለበት።

እኛስ?

«እኛ ጋ እኮ ቢሊየነር ባለቤት የለም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የእኛ ትልልቅ ክለቦች ባለቤት በአብዛኛው የከተማ አስተዳደር፣ ባንክ፣ መከላከያ ወይም ሌላ የመንግሥት ድርጅት ነው። በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሣው ሀዋሳ ከተማ፣ «ሐይቆቹ»፣ የሚኖረው በከተማው በጀት ነው። ያ በጀት የሚመጣው ደግሞ ከነዋሪው ነው። የቡሹሎ ደጋፊ ታዲያ ለክለቡ በተዘዋዋሪ ይከፍላል ማለት ነው። ግን ድምፅ አለው?

ባለቤቱ ቢሊየነር ባይሆንም ውሳኔው እንዴት ሊያምም እንደሚችል የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ታሪክ ያሳያል። የወንዶቹ ቡድን በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ከዚያ በኋላ ፈረሰ። የሴቶቹ ቡድን ግን ቀጠለ፤ በኋላም በአፍሪካ መድረክ ታየ። ዓመታት አልፈው የወንዶቹ ቡድን እንደገና ተቋቋመ፤ አድጎም በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ደስ የሚል መጨረሻ ነው። ነገር ግን ማፍረሱም ማቋቋሙም የተወሰነው በስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው፤ ደጋፊው ሁለቱንም የሰማው እንደ ዜና ነው።

ሌላም አለ። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው እየተካሄዱ በቴሌቪዥን ይተላለፋሉ። ይህ ሀዋሳን በተደጋጋሚ አስተናጋጅ አድርጓታል፤ ለሌላ ከተማ ደጋፊ ግን ቡድኑን በሜዳው የማየት ዕድል ጠቧል። ለቴሌቪዥኑ ጥሩ የሆነ ነገር ለወንበሩ ጥሩ ላይሆን ይችላል።

የእንግሊዝ ክለብ የምትደግፉም ብትሆኑ ጉዳዩ ይነካችኋል። በሱፐር ሊጉ ስሌት ትልቁ ገንዘብ ይመጣል የተባለው ከቴሌቪዥን ነበር፤ ማለትም ከስታዲየሙ ርቆ ስክሪን ላይ ከሚያፈጥ ሰው፣ ከእናንተ። የአካባቢው ደጋፊ «ትኬት ተወደደብን» ሲል፣ ባለቤቶች «ዓለም ሁሉ ያየናል» ብለው ይመልሳሉ። የዲኤስቲቪ ቤቱ ተመልካች ሳያውቀው የባለቤቱ መከራከሪያ ይሆናል። በሌላ በኩል እሱም ማሊያ የሚገዛ፣ ስፖንሰሩ የሚቆጥረው ሰው ነው፤ ከአካባቢው ደጋፊ ጎን ከቆመ ድምፁ ይደመራል።

ስለዚህ «የራሱ ክለብ አይደል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለት ክፍል አለው። ሜዳው፣ ዕቃውና ውሉ የባለቤቱ ነው። ክለቡን ዋጋ ያለው ያደረገው ፍቅር ግን አይገዛም፤ ያለ እሱ ሃያ ሁለት ሰው ኳስ ሲያራግጥ ነው የሚቀረው። ጥያቄው ፍቅሩ በወረቀት ላይ ቦታ አለው ወይ ነው። የሐይቆቹ ደጋፊ ከሆናችሁ የምትጀምሩባቸው ቀላል ጥያቄዎች አሉ፦ ክለባችንን የሚመራው ቦርድ እነማን ናቸው? ደጋፊው በቦርዱ ውስጥ ወንበር አለው? የዓመቱ በጀትና ወጪ ለሕዝብ ይነገራል? መልሱን መጠየቅ ራሱ ድምፅ ነው።